አዲጋላ ያደረሰን ሞተር

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደው አዲሱ አስፋልት ከተከፈተ ብዙም አልቆየም ነበር። ስለ መኪና የማውቀው በር መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው፤ ሆኖም አንድ ሞተር ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ባለቤቴ ማሃድ ጅግጅጋ ውስጥ መካኒክ ነው። በወጃሌ ድንበር በኩል የገባች ባለ ሁለት በር አሮጌ ስፖርት መኪና ገዝቶ፣ ሱፐርቻርጀር የሚሉትን፣ ሞተር ውስጥ አየር በግድ የሚያስገባ ዕቃ ገጠመላት። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ሲሰጣት እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ታፏጫለች። ሰፈሩ ሁሉ ማሃድ ለምሳ መምጣቱን በፉጨቷ ያውቃል። እኔም ወጥ የማሞቀው እሷን ሰምቼ ነበር።

መኪናዋን ያላመናት አባቴ ነው። አባዬ ዕድሜውን በደወሌ መንገድ ላይ ባለችው አዲጋላ፣ በአሮጌው ባቡር ጥገና አሳልፎ፣ ባቡሩ ከቆመ በኋላም “ወዴት እሄዳለሁ” ብሎ እዚያው ቀረ። በስልክ ከጤናችን ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነበር። ከአቅሙ በላይ እንዲተነፍስ የተገደደ ሞተር አንድ ቀን መንገድ ላይ ይጥላል ይላል። ማሃድ ደግሞ አዲጋላ ድረስ ነድቶ ፉጨቷን ሊያሰማው ይዝታል። እኔ ከሠርጌ በኋላ አባዬን አላየሁትም ነበር። የጨርቅ ሱቄን ማን ይይዝልኛል እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሄደ። ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ጎረቤት ሲነግረኝ ግን ሱቁን ዘግቼ ከማሃድ ጋር በዚያችው መኪና ተነሳሁ።

ሺኒሌን አልፈን ሜዳው ውስጥ ስንገባ፣ አንዲት ፍየል ጠባቂ ሴት ባዶ ጀሪካን ከፍ አድርጋ መንገድ ዳር ቆማለች። በዚያ አገር ጀሪካን ያነሳ ሰው ውሃ እየለመነ ነው። ማሃድ ቆመ። የምንጠጣውን ከሰጣት በኋላ ለራዲያተር የያዝነውንም ወስዶ ገለበጠላት። ለሞተሩ እንኳ ትንሽ አስቀር ብለው፣ “ሞተር ውሃ ሲያጣ ይቆማል፤ ፍየል ውሃ ስታጣ ትሞታለች” አለኝ።

ከዚያ በኋላስ ቀስ ብሎ ቢነዳ አይደል? እሱ አባዬን ለማስደመም ከወዲሁ የሚለማመድ ይመስል እያስፏጫት ይከንፋል። ብዙም ሳንርቅ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ውስጥ ገባ። ኮፈኑን ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊታችንን ገረፈው። ዙሪያውን ጥላ የሚባል የለም። እኔን ግን የጨነቀኝ ፀሐዩ አልነበረም፤ አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። የደወልኩለት ስልክም አልሠራ አለ።

ደግነቱ በዚያ መንገድ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና አይታለፍም። ወደ ጅቡቲ የሚሄድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ ውሃ ሰጠን። ማሃድ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ሞላው። ዳግም እንዳይሞቅም ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረውን ቺንጋ የሚሉትን ቀበቶ ፈታና ቱቦውን አዛውሮ፣ ሞተሩ እንደ ማንኛውም ሞተር አየሩን በራሱ እንዲስብ አደረገው። አዲጋላ የገባነው ቀስ እያልን፣ ያለ ፉጨት ነው።

አባዬ በር ላይ ነበር። አጠገቡ ስንቆም እንኳ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ያዳምጣል፤ የሚጠብቀው ፉጨቱን ነው። “አባዬ፣ መጣን እኮ” ስለው ደነገጠ። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። እንዲያ ይከሳል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሞተሩ ላይ ተደፍተው ዋሉ። ቺንጋው ቦታው ተመለሰ። ማሃድ ነዳጅ ሲሰጥ አባዬ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ማሃድ እንደ ሶማሌ ልጅ ወግ “አዴር”፣ አጎቴ ብሎ እያከበረው፣ ሞተሩ አሁን ይታመን እንደሆነ ጠየቀው። አባዬ ግን እንደገና እንዲያስፏጫት ብቻ ለመነው።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ጭነን ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዘኝ።

“ልጄ፣ ይህ ሞተር መንገድ ላይ እንዳይጥላችሁ ሁልጊዜ ዱዓ አደርጋለሁ” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ዛሬ ሱብሂ ሶላት ላይ ግን ምነው ባይነሳ ብዬ ለመንኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።”

ሳቅኩ። ባልስቅ ማልቀሴ ነበር። ማሃድ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። አባዬ ጣሪያዋን መታ መታ አድርጎ “ጎበዝ ሞተር ነው” አለ። እኛም ሄድን።

ቀጥሎ አዲጋላ የሄድነው ለቀብሩ ነው።

መኪናዋ ዛሬም አለች። ደንበኞች እንዲህ ያለ ሞተር ይታመናል ወይ ሲሉት ማሃድ አንድም ቀን አልነሳም ብሎት እንደማያውቅ በኩራት ይነግራቸዋል። እውነቱን ነው። እኔ ግን አባዬ በናፈቀኝ ቁጥር ያንን ሞተር እቀየመዋለሁ። ያን ጠዋት ብቻ እምቢ ቢል ምን ነበረበት?