የጠበሉ ውኃና መዳፌ

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በተነሣ ሰሞን መዳፌ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ደረቅ ኪንታሮቶች ወጡብኝ። ቁም ጸሐፊ ነኝ፤ እንጀራዬ ከእጄ ነው። መዳፌ በብራናው ላይ ሲሄድ ኮሽ ኮሽ እያለ ቀለሙን ሲያበላሽብኝ በንዴት ስንት ብዕር እንደ ሰበርሁ ባለቤቴ ታውቃለች። እሷን ያስጨነቃት ግን ብዕሩ አልነበረም። አባቴም ጸሐፊ ነበር፤ በእሱም መዳፍ ላይ እንዲህ ያለው ወጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ አንዱ ቆስሎ ነቀርሳ ሆነና ገደለው።

እኔ መድኃኒቱን የያዝሁ መስሎኝ ነበር። ከቤታችን በታች ካለው ጠበል በየማለዳው በባዶ ሆዴ አንድ ቅል እጠጣለሁ። ጎረቤቶቻችን ጣዕሙን ስለማይወዱት ለበዓል ብቻ ይቀምሱታል፤ በእኛ ቤት ግን ከአባቴ ጀምሮ የዘወትር መጠጥ ነው። ኪንታሮቱ ሲበዛ ሁለት ቅል አደረግሁት። ባለቤቴ «ኧረ ይህ ውኃ ደግ አይደለም» ስትለኝ እምነት የላትም ብዬ እቆጣለሁ። ለካ እሷ እኔ ሳላይ ከላይኛው ምንጭ ትጠጣ ኖሯል።

አንድ ቀን የብዕር መቅረጫ ካራ ልገዛ ከአንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድሁ። ቀጥቃጭን ሁሉ ቡዳ ነው እያልን ከግዢ በቀር አናነጋግረውም። ካራውን ተቀብዬ ልመለስ ስል መዳፌን አየ።

«የኔታ፣ የጠይቡን ውኃ ይጠጣሉ እንዴ?»

«የጠበሉን ውኃ ማለትህ ነው» አልሁት፤ ቃል ማረም ልማዴ ነው።

«ኧረ የጠይቡን፣ የእኛን የቀጥቃጮቹን! አያቶቻችን የጋለ ብረት ሊነክሩበት የቆፈሩት ነው። እኛ አንጠጣውም። አዘውትሮ የጠጣው ሰው እጁ እንዲህ ይሆናል፤ ቆይቶም ነቀርሳ ያወጣበታል።»

አባቴ ትዝ አለኝ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ማን ጠይቆን፣ የኔታ?»

አፈርሁ። «እንግዲህ አለቀልኝ በለኛ» አልሁ።

እጄን ያዘና ኪንታሮቶቹን አንድ በአንድ ዳበሳቸው። «አንዱም አልቆሰለም። ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። ሳይቆስልበት የተወ ሰው ሲተርፍ አይቻለሁ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ደብራችን ዕቃ ቤት ሄጄ የመሬት ድንበር የተጻፈበትን አሮጌ መጽሐፍ ገለጥሁ። «እስከ ጠይብ ውኃ» ይላል። አባቴ ከእሱ በገለበጠው በአዲሱ ላይ ደግሞ «እስከ ጠበል ውኃ» ይላል። የደበዘዘ ፊደል አሳስቶት ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ መንደሩም እንደ እሱ ጠራው። አባቴ በገዛ እጁ የጻፈውን አምኖ ጠጣው። ልጅ ሳለሁ በየማለዳው እየቀዳሁ የማቀርብለት ደግሞ እኔ ነበርሁ። መጻሕፍቱን እንደ ዘረጋሁ አለቀስሁ።

ውኃውን በዚያው ቀን ተውሁ፤ ለጎረቤትም ነገርሁ። ባለቤቴ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ መዳፌን ትመረምራለች። እሷ ስታይ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ደጋግማ ዳበሰችኝና፣ «ለስልሷል! ይኸው ለስልሷል!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ያን ዕለት የበላሁት ሽሮ እንዴት እንደ ጣፈጠኝ! ከአውራ ጣቴ ሥር አንዲት ቀርታለች፤ አሁንም እሷን ሳይ እፈራለሁ፤ ግን አልቆሰለችም።

በማግሥቱ የአባቴን መጽሐፍ አስወጣሁ። ከሽማግሌው በገዛሁት ካራ «ጠበል» የሚለውን ፍቄ «ጠይብ» ብዬ ጻፍሁበት። እጄ በብራናው ላይ ሲያልፍ ጆሮዬን አዘነበልሁ። ኮሽም አላለም።