የዳኛው አንባቢ

ግቢው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ሬጅስትራሩ ብቻ ነበር፤ ለሌላው ሁሉ «ቀለሜ» ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ ነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዶርም ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ላይብረሪ እየተመላለሰች፣ ቀና ብላ ሰው ሳታይ፣ ከሕግ ተማሪዎች አንደኛ ሆና ከረመች። ትጋቷ የሚደነቅ ነው፤ አብሯት ምሳ የበላ ሰው ግን ሁለተኛ አይሞክርም።

ሦስተኛ ዓመት ስትገባ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠሯት። «በማዕረግ መመረቅ ከፈለግሽ ውጤት ብቻ አይበቃም፤ በግቢው ኑሮም ስትሳተፊ ማየት እንፈልጋለን» አሏት። ከክበባቱ ዝርዝር ውስጥ ብዙ አያናግረኝም ያለችውን መረጠች፤ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ እያነበቡ ድምፅ መቅዳት። በሯን ዘግታ አንብባ የምትገላገል መስሏት ነበር።

የደረሳት ተማሪ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም። ከእሷ አንድ ዓመት ዝቅ ብሎ እዚያው ሕግ የሚማር፣ ክርክር በተነሳበት ቦታ ፍርድ ሳይሰጥ የማይነሳ፣ ጓደኞቹ «ዳኛው» የሚሉት ቀልደኛ ነው። ባለፈው መንፈቅ ታሞ ውጤቱ ስላሽቆለቆለ ማስጠንቀቂያ ላይ ነበር፤ አንድ ትምህርት ቢወድቅ ከግቢው ይባረራል። የውል ሕጉ መጽሐፍ ደግሞ እሷ ቀድታ ከምትሰጠው በስተቀር የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም።

«ቀለሜ፣ የሟች ኑዛዜ አስመሰልሽውኮ! ትንሽ ነፍስ ዝሪበት እንጂ» አላት የመጀመሪያውን ሳምንት ቅጂ ሰምቶ።

ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ የሁለት ዓመቱ ሳቅ ተጠራቅሞ የመጣ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት ቅጂውን ልትሰጠው ስትሄድ ቁጭ ብላ ማውራት ለመደች። እንደወደደችው ለራሷም አልተናገረችም።

ክርክር ክበብ እንድትገባ የገፋፋትም እሱ ነው። «ይሄ ድምፅ ለእኔ ብቻ ሆኖ ከቀረ ግፍ ነው» አላት። ገባች፤ አባላቱም ወደዷት። ከዚያ የግቢው መጽሔት፣ ከዚያ የተማሪዎች ምክር ቤት ተከታተለ። ሰው ከሩቅ አይቷት ሲጠራት ጮቤ ትረግጥ ነበር። አባቷ በስልክ «ልጄ፣ ሰው ሆነሻል» ብሎ ሲያሾፍባት አልተቀየመችም፤ እውነቱን ነዋ።

ጊዜ ግን ከየት ይምጣ? የውል ሕጉ መጽሐፍ አራት መቶ ገጽ ነው፤ ስብሰባው በየቀኑ። ያንን ትምህርት አምና አንደኛ ሆና ስላለፈችው፣ መምህሩ የሚጠይቁትንና የማይጠይቁትን አብጠርጥራ ታውቃለች። በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የፍርድ ቤት ጉዳዮች ጠይቀው አያውቁም። መጀመሪያ አንዱን ዘለለች፤ ቀጥሎ ሁለቱን፤ ኋላ ላይ ሁሉንም። ለዳኛው አልነገረችውም። ድካም የቀነሰችለት ነበር የመሰላት። ይሄ ጎበዝ ተማሪ ብቻ የሚሠራው ጥፋት ነው፤ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ የሚዘለለውን ስለማታውቅ ሁሉንም ታነብለት ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ መምህሩ እረፍት ወጡና ፈተናውን ሌላ ሰው አወጣው። ዳኛው ወደቀ።

ወድቆም አላመነም። «መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ከመጽሐፉ ውጪ ናቸው» ብሎ ይግባኝ አስጻፈ። ይግባኝ የሚሰሙት ሦስት መምህራን ናቸው፤ ከጎናቸው አንድ የተማሪዎች ተወካይ ይቀመጣል። የዚያን ዓመት ተወካይ ቀለሜ ነበረች። «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» ብላው ነበር የገባችው። የፈተናውን ወረቀት ያየችው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሦስቱም ጥያቄዎች እሷ ከዘለለቻቸው ጉዳዮች የወጡ ነበሩ።

ሰብሳቢው መጽሐፉን ገልጠው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። እስቲ ለተማሪው አንብቢለት።»

አነበበች። ቤቱን ሸጦ ቁልፉን አላስረክብም ያለ ሰው ጉዳይ ነው። ሁለት መስመር ሳትጨርስ ዳኛው ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። ዓመቱን ሙሉ የሰማው ድምፅ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ሲያነብለት እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«እኔ ነኝ የዘለልኩት» አለች፤ እንባዋ ገጹ ላይ ይንጠባጠባል። «እሱ ምንም አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እባካችሁ ድጋሚ ይፈተን።»

ሰብሳቢው ከልባቸው አዘኑ። ደንቡ ግን የክበቡ ንባብ የበጎ ፈቃድ እርዳታ ነው ይላል፤ ለጎደለው ነገር የትምህርት ክፍሉ አይጠየቅም። ሦስቱም እጃቸውን አወጡ፤ ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትላው ወጣች። ይቅርታ ልትለው ስትል ቀደማት።

«እነዚያን ገጾች» አላት ቀስ ብሎ፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «አንቺ ስታጠኚ ዘለልሻቸው ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር።

«አንድም መስመር አልዘለልኩም።»

ራሱን ነቀነቀ። በትሩን ዘርግቶ የደረጃውን ጠርዝ ፈለገ። ያንን ደረጃ ዓመቱን ሙሉ ክንዷን ይዞ ነበር የሚወርደው። ያን ቀን ክንዷን አልጠየቃትም፤ እሷም እጇን ለመዘርጋት ድፍረት አጣች።