እጅዎን ያሳርፉ

የአሻራ ማሽኑ ይምጣልን ብለው ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

ቀበሌያችን አምባሰል ውስጥ ነው፤ ከውጫሌ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ የሴፍቲኔት ሥራ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራው ተራራው ላይ ድንጋይ እየካቡ እርከን መሥራት ነው፤ ክፍያው ስንዴ። አሥረኛ ክፍል በመጨረሴ ድንጋይ ከመሸከም ተርፌ ደብተር ያዝኩ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያልኩ ምልክት አደርጋለሁ። ድሮ ስንዴው የሚታደለው በዚያው ደብተር ነበር። ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ያትምና ጆንያውን ተሸክሞ ይሄዳል። በዚህ መሃል የሞተ ሰው ስንዴ ወሰደ፤ ዓረብ አገር የሄደች ልጅም ወሰደች። ስለዚህ ከወረዳ የመጡት ሰዎች ስብሰባ ጠርተው "ከእንግዲህ ጣት አይዋሽም" ሲሉን ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴም እኔን አይታ አጨበጨበች።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በቡድናችን እንደሷ ድንጋይ የሚክብ ወንድ አልነበረም። ድንጋዩን አንስታ ታገላብጠዋለች፤ የሚቀመጥበትን ፊት ትፈልግለታለች፤ አንዴ ካስቀመጠችው በኋላ ግን በሬ ቢረግጠው አይነቃነቅም። ከድንጋይ በተረፋት ሰዓት ቃጫ ትፍቃለች፣ ገመድ ትገምዳለች። በዚህ ሁሉ ዓመት የጣቶቿ ጫፍ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ራሴን የዳበሰኝ እጅ ነው። ማሽኑ ያለቀውን ያንኑ አሻራ እንደሚፈልግባት ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

ምዝገባው ዕለት አሥሩንም ጣቶቿን ሞክረው በመጨረሻ ማሽኑ የግራ እጇን የቀለበት ጣት ተቀበለላት። "ይበቃል፣ ገብቷል" አሉን። አመስግነን ሄድን።

የመጀመሪያው እደላ ውጫሌ፣ መጋዘኑ በር ላይ ነበር። ከጎሕ ጀምረን ተሰልፈናል። ከቡድናችን አንድ ሰው አለ፤ ሥራ ቦታ አካፋውን ተደግፎ ወሬ ሲያወራ የሚውል። እሱ ጣቱን ሲያሳርፍ ወዲያው አረንጓዴ በራ። አክስቴ ስታሳርፍ ቀይ ሆነ።

"እማማ፣ እጅዎን ይታጠቡና ይምጡ" አላት ማሽኑን የያዘው ሰው።

ታጠበች። ቀይ። በነጠላዋ ጠረገችው። ቀይ። እፍ አለችበት። ቀይ። ከዚያ በኋላማ ማሽኑ ጭራሽ ስሟን ዘጋው።

ደብተሬን ከፍቼ አሳየሁት። "አንድ ቀን አልቀረችም። ይኸው፣ በእጄ የጻፍኩት ነው።"

"እህቴ፣ ደብተር አልተጠየቅሽም። ሲስተሙ ካላወቃቸው እኔ ምን ላድርግ?"

"እኔ አውቃታለሁ! ሰልፉ ሁሉ ያውቃታል!"

"ቀጣይ" አለ።

እኔ ላይ ጮሆ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ሰውየው ግን ጨዋ ነው። ልንሄድ ስንል እንኳ ጠርቶን በትሕትና መከራት፦ "እማማ፣ ለሁለት ሳምንት እጅዎን ያሳርፉ። ድንጋይ አይንኩ፣ ቫዝሊን ይቀቡ። አሻራው ይመለሳል።"

አክስቴ ትክ ብላ አየችው። "ልጄ፣ ድንጋይ ካልነካሁ ስንዴውን በምን እበላለሁ?"

ዓይኑን ወደ ማሽኑ መለሰ። ሥራ የቀረ ሰው ከመዝገብ እንደሚሰረዝ እሱም ያውቃል። ለመሥራቷ ማረጋገጫ የሚሰጣት ሥራ ስታቆም ነው ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ድንጋይ አንስቶ የማያውቅ መሆኑን ለማወቅ የእሱን አሻራ ማየት አያስፈልገኝም።

ቫዝሊኑን ገዛሁላት። "እቤት ቁጭ በይ፤ እኔ እንደመጣሽ አድርጌ ምልክት አደርግልሻለሁ" አልኳት። በሁለተኛው ቀን ሥራ ቦታ መጣች።

"ምን አመጣሽ?"

"ደብተሩን ልታዋሺው ነው? ያልሠራሁበትን መብላት ሐራም ነው። የሠራሁበትን ከለከሉኝ ብዬ ያልሠራሁበትን ልብላ?"

ተናደድኩባት። እውነቱን ስንናገር የሰማን የለም፤ ልዋሽላት ስል ደግሞ እሷ እንቢ አለች። በጨርቅ ጣቶቿን ጠቅልላ ስትክብ ዋለች። ማታ ስትፈታው ጨርቁ ተበሳስቶ ነበር።

ሐይቅ ከተማ የተሻለ ማሽን አለ የሚል ወሬ ሰማን። በአውቶቡስ ሄድን፤ ለመሳፈሪያ ዶሮ ሸጣለች። እዚያ ያገኘናት ሴት የአክስቴን የምዝገባ ወረቀት አየት አድርጋ፣ "ይህ ተሁለደሬ ወረዳ ነው፤ የእናንተ መዝገብ አምባሰል ነው" ብላ መለሰችልን። ማሽኑን እንኳ አልከፈተችውም። ስንመለስ አክስቴ ውጫሌ እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ሁለተኛው እደላም ያው ቀይ ሆነ። አክስቴ ባዶ ጆንያዋን አጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ስደርስ ቀድማ መጥታ ካብ እያፈረሰች ነበር። የሌላ ሰው ሥራ አይደለም፤ ራሷ የካበችውን ነው። የላይኛውን ድንጋይ ነቅላ ወደ ጎን ታስቀምጣለች፤ ቀጥላ ሌላውን ትነቅላለች። አትጣደፍም። የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ከታች አይቷት እያለከለከ ወጣ።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

"እያፈረስኩ።"

"ይህ እኮ የመንግሥት ሥራ ነው!"

"ማን ሠራው?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ።"

"አንተ ካወቅህ ለማሽኑ ንገርልኝ። ማሽኑ ካላወቀኝ ይህን ካብ ማንም አልሠራውም። ማንም ያልሠራው ካብ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?"

ሌላ ድንጋይ ነቀለች። አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሴቶቹ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሁሉም። "ያ ጀማዓ፣ ኧረ ሥራ ግቡ!" ብሎ የልማት ሠራተኛው ቢለምን የተነሳ የለም። እኔም ደብተሬን ዘጋሁት። ያን ቀን ለማንም ምልክት አላደረግሁም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ሥራ የለም።

በአራተኛው ቀን ከወረዳ አንድ ኃላፊ በሞተር መጣ። ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ፎርም አወጣ፤ "ተወካይ ይመዝገብላቸው" አለ። ፎርሙን ተቀብዬ አነበብኩት፤ ግርጌው ላይ ያለው ቀን ከምዝገባው በፊት ነው። አሻራው እንቢ ላለው ሰው ዘመዱ ጣቱን እንዲሰጥለት የሚፈቅድ መስመር ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ታትሞ ነበር። በምዝገባው ዕለት ነበር። ስትታጠብና ስትጠርግ ነበር። ሐይቅ ድረስ ስንንከራተት ነበር። የነገረን ሰው ብቻ ነው ያልነበረው።

"ያለፈው ሁለት ጊዜስ?" አልኩት።

"ያልተወሰደው ተመላሽ ሆኗል። እዚህ 'አልቀረቡም' ነው የሚለው።"

"አልቀረቡም? ከጎሕ ጀምራ በር ላይ ቆማ ነበር እኮ!"

"ሪፖርት ተደርጓል፤ አይከፈትም" ብሎ ፎርሙን እንድፈርም እስክሪብቶ ሰጠኝ። ፈረምኩ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። አሁንም ድረስ ባለመስደቤ ይቆጨኛል።

ካቡን በሁለት ቀን መልሳ ካበችው። ከሥሩ ያለው ማሳ የጎረቤታችን ነው፤ ክረምቱም ደርሶ ነበር። "ሰውዬው ምን አደረገኝ፣ ጎርፍ የምለቅበት?" አለች።

አሁን ስንዴዋን የምወስደው እኔ ነኝ። እስክሪብቶ የያዘ ጣቴን ሳሳርፍ ወዲያው አረንጓዴ ይበራል። ጆንያውን ተሸክመን ስንወጣ አክስቴ ትስቃለች፦ "ድንጋዩን እኔ፣ ጣቱን አንቺ። አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ሰው ወጣን።" እኔ አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም።

ባለፈው እደላ ከፊታችን የቆሙ አንድ አዛውንት ቀይ በራባቸው። ማሽኑን የያዘው ሰው እንደልማዱ በትሕትና ታጥበው እንዲመለሱ ይነግራቸው ጀመር። ከሰልፉ ወጥቼ ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ።

"የተወካይ ፎርሙን አውጣ" አልኩት።

"መጀመሪያ ይታጠቡና..."

"አውጣ!"

አወጣ። አዛውንቱ ልጃቸውን ከገበያ እስኪያስጠሩ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ ጠበቅሁ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍም አብሮኝ ጠበቀ፤ ፍጠኝ ያለኝ የለም።