የዕድሩ መኪና ጥቁር መስታወት

እንድርያስ በሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና መስታወት ላይ ቲንት የሚባለውን ማጥቆሪያ ፊልም የሚለጥፍ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ሙያውን ጅማ ውስጥ በአንድ የመኪና ማስዋቢያ ቤት ተምሮ ተመልሷል። እጁ ንጹሕ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ፊልሙን ሲቆርጥ ምላጩ የመስታወቱን ጎማ አይነካም፣ የሳሙናውን ውሃ በመጥረጊያ ገፍቶ ሲያወጣ አንዲት የአየር አረፋ አትቀርም። ከዚህ ያለፈ ምስጋና አይገባውም። ደንበኛ ሲመጣ ናሙናዎቹን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ ሙቀት የሚቀንሰውን ገርጣ ያለ ፊልም፣ ሲውል ሲያድር ወደ ወይን ጠጅ የሚለወጠውን ርካሽ፣ ከውጭ ምንም የማያሳየውን ድፍን ጥቁር በየተራ ያስረዳል። ምክሩ ግን ምንጊዜም ወደ ድፍኑ ያዘነብላል። “ይሄኛው ክብር አለው” ይላል። የማይታይ ሰው ሁሉ የተከበረ በሚመስልበት ዘመን ይህ ንግግር ገበያ አላጣም።

እናቱ ወይዘሮ ወለላ የሸኮ ተወላጅ ነበሩ። ባላቸው በወጣትነታቸው ስለሞቱባቸው፣ ከሸኮ መንደሮች ኮረሪማና ዝንጅብል እየገዙ ሚዛን ገበያ በመሸጥ ይህን አንድ ልጅ አሳደጉ። መኪና እንደ ዛሬው ባልበዛበት ጊዜ መንገዱን የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። ሸክም ሲከብዳቸው የሚያርፉበት ደጃፍ፣ ዝናብ ሲይዛቸው የሚያድሩበት ቤት፣ ምጥ የያዛት ሴት አግኝተው ኮረሪማቸውን ጥለው የሰነበቱበት ጎጆ በየመንደሩ ነበራቸው። የንግድ ባልንጀራቸው ወይዘሮ በየነች ዛሬም ከሸኮ ወዲህ ባለች የዳገት መንደር ይኖራሉ። ልጁ ያንን መንገድ የሚያውቀው በሚኒባስ ተሳፍሮ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያሉትን ሰዎች አያውቃቸውም።

በዚያ መንገድ አስከሬን ሲያልፍ ሰው ሥራውን ያቆማል። ተሸካሚ ሸክሙን ያወርዳል፤ ቡና የሚያሰጣ ሰው ዝናብ ቢመጣበት እንኳ ቡናውን ትቶ ይቆማል። አስከሬን የሚጓጓዘው ክፍት በሆነ የጭነት መኪና ስለነበር ማን እንዳለፈ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የኦርቶዶክሱም፣ የፕሮቴስታንቱም፣ የሙስሊሙም ቤተሰብ አባል የሆነበት የሰፈሩ ዕድር ለቀብር የሚያገለግል አሮጌ ሚኒባስ ሲገዛ፣ ሊቀ መንበሩ አቶ ወልደአማኑኤል፣ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ፣ እንድርያስን አስጠሩት።

“ፀሐዩን ትንሽ የሚያበርድ ነገር ለጥፍበት” አሉት።

“ጋሼ፣ ትንሽማ ምን ያደርጋል? የሰው ሬሳ እንደ ሙዝ ጭነት በየመንገዱ ይታያል እንዴ? ድፍኑን ልለጥፍበት። ድካሜ ለዕድሩ ይሁን።”

“አይበዛም?”

“የትልልቆቹን ሰዎች መኪና አላዩም?”

አቶ ወልደአማኑኤል ሳቁ። “እንግዲህ ስንሞት ባለሥልጣን ልታደርገን ነው!”

እንድርያስ ትራፊክ እንዳይቆጣ ከፊት ያሉትን መስታወቶች ትቶ የቀሩትን ሁሉ አጠቆረ። በጎን ያሉት መስታወቶች ለሁለት ተከፍለው የሚንሸራተቱ ነበሩ። መገጣጠሚያቸው እንዳይታይበት ብሎ በሁለቱም ላይ አንድ ወጥ ፊልም ለጠፈ፤ መስኮቶቹም ከዚያ ወዲህ የማይከፈቱ ሆኑ። የዕድሩ አባላት መኪናውን ዞረው አዩና አደነቁ። ማንም ሰው መኪናው ለምን እንደሚያገለግል አላሰበም፤ እሱም ቢሆን አላሰበም፣ ማሰብ ግን ከሁሉ በፊት የእሱ ግዴታ ነበር።

በኅዳር የወይዘሮ ወለላ ሕመም ጠና። አንድ ማለዳ ልጃቸውን ወደ ራስጌያቸው ጠሩት።

“ሸኮ ቅበረኝ፣ እንድሬ። በመንገዴ ቀስ ብላችሁ ውሰዱኝ፤ ሰዎቼ ይሰናበቱኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።”

“እሺ፣ እማዬ።”

በዚያው ሳምንት ዐረፉ። እንድርያስ ለወይዘሮ በየነች ስልክ ደውሎ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንደሚያልፉ ነገራቸው። “ሁላችንም መንገድ ላይ ነን” አሉት እያለቀሱ። በምን መኪና እንደሚመጡ አልጠየቁም፤ እሱም አልነገራቸውም።

ለቀስተኛው፣ መቃብር ለማስቆፈር፣ በማለዳ በጭነት መኪና ቀድሞ ሄደ። ሳጥኑ በዕድሩ ሚኒባስ ተጫነ። ሹፌሩ ሳዲቅና አቶ ወልደአማኑኤል ከፊት ተቀመጡ፤ እንድርያስ ከኋላ፣ ከእናቱ ጎን ሆነ። ከሚዛን እንደ ወጡ ዝናብ ጀመረ። በጠቆረውና በረጠበው መስታወት በኩል ሰዎች እንደ ጥላ ይታዩት ነበር። ቡናቸውን በላስቲክ ለመሸፈን የሚሯሯጡ ሴቶች ቀና አላሉም። ጆንያ የተሸከመ ሰው መኪናውን ሲያይ ሸክሙን ሳያወርድ፣ ለትልቅ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሁሉ ወደ ቦዩ ወረደ።

እንድርያስ መስኮቱን ለመክፈት ታገለ፤ አልተንቀሳቀሰም።

“ሳዲቅ፣ ቀስ በልማ። ሰው አላወቀንም።”

“ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ በዚህ ጭቃ ዳገቱን አንወጣውም፣ ወንድሜ።”

“ጋሼ፣ ብንቆምና የኋላውን በር ከፍተን ብንሄድስ?”

“ሳጥኑ ይረጥባል” አሉ አቶ ወልደአማኑኤል ዞር ብለው። “ጸሎቱን የሚያደርገው ወንጌላዊም እየጠበቀ ነው። በርታ ልጄ፣ ደርሰናል።”

እንድርያስ ዝም አለ። መስታወቱን ያጠቆረው ከከንቱነት ነበር፤ ከንቱነት በብዙ ሰው ዘንድ ያለ ነገር ነው። ይህ ዝምታ ግን ከዚያ ይከፋል፤ ለእናቱ የገባው ቃል ከእጁ እየወጣ መሆኑን እያየ፣ መኪናውን ለማስቆም አፍሮ ነው ዝም ያለው።

ሸኮ ደርሰው ጸሎቱ ተደረገ፤ አፈሩም ተመለሰ። ለቀስተኛው መበተን ሲጀምር ወይዘሮ በየነች ከጥቂት ሴቶች ጋር፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በእግራቸው ደረሱ። አዲሱን የአፈር ክምር ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

“በየት አሳለፋችኋት?”

“በመንገዱ ነው የመጣነው፣ እትዬ በየነች።”

“ውሸት! ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነን። ከለቀስተኛው መኪና በኋላ ያለፈው አንድ ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ብቻ ነው። ሬሳ የያዘ መኪና ከኋላ አይታችኋል ወይ ብለን ልንጠይቀው እጃችንን አነሳን፤ ሹፌሩ በእጁ ‘ሞልቷል’ ብሎን አለፈ።”

ሳዲቅ ከመኪናው አጠገብ ነበር። “ተሳፋሪ መስላችሁኝ ነው፣ እናቴ” አለ። እጁን አዙሮ ምልክት የሰጠው እሱ ነበር።

ወይዘሮ በየነች ሚኒባሱን አዩት። “እዚህ ውስጥ ነበረች?”

“እዚህ ውስጥ ነበረች” አለ እንድርያስ።

“ማነው እንዲህ የሸፈነው?”

“እኔ ነኝ።”

“እናትህ ሌባ ነበረች እንዴ የምትደብቃት?”

“እልጠዋለሁ እትዬ፤ ውዬ ሳላድር እልጠዋለሁ።”

“ላጠው። ለሚቀጥለው ሟች ይሆናል።”

ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ። መቃብሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ከባልንጀራቸው ጋር ብቻ ተነጋገሩ። “ወለላ፣ ያቺ በምጧ የደረስሽላት፣ ልዩ፣ መጥታ ነበር። ያን ልጅ ይዛው ነበር የቆመችው፣ አሁን ከእሷ ይረዝማል። የወንዙ ማዶ ሴቶችም መጥተው ነበር። ዝናቡን ፈርተው የቀሩ እንዳይመስልሽ። ማንም አልቀረም።” እንድርያስ ቆሞ ሰማ። ከተጠሩት ሰዎች አንዱንም አያውቅም ነበር።

ሲመለሱ አቶ ወልደአማኑኤል ሴቶቹን አሳፈሯቸው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከዳገቱ መንደር ጥቂት ሲቀራቸው ከፊት ተቀምጠው የነበሩት ወይዘሮ በየነች የሳዲቅን ክንድ ያዙት።

“አቁም። እኒያ አቶ ትርፌ ናቸው። እግራቸው ሸኮ አላደርስ ብሏቸው ቀርተው ነው። አሁንም እየጠበቋት ነው።”

አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ተደግፈው በመንገዱ ዳር ቆመዋል። የተሸከሙት የዝንጅብል ጆንያ እግራቸው ሥር ወርዷል። እንድርያስ ወርዶ ወደ እርሳቸው ሄደ።

“የወለላ ሬሳ ከኋላ ነው?” አሉት።

“አልፋለች፣ አባባ። ቀብረናታል። እኔ ልጇ ነኝ።”

“በየት አለፈች?”

“በዚሁ መንገድ። በዚህ መኪና።”

ሽማግሌው ሚኒባሱን ተመለከቱ። “ይሄንንማ አይቼዋለሁ። ትልቅ ሰው መስሎኝ ቦይ ውስጥ ወረድኩለት። ፊቴንም አዞርኩ።” “ወለላ ስታልፍ ፊቴን አዞርኩባት?”

“የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ አባባ። መስታወቱን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ማንም አያይም ነበር።”

አቶ ትርፌ አልሰሙትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መኪናው አዘገሙ። እንድርያስ ቀድሟቸው የኋላውን በር ከፈተ። ሳጥኑ የነበረበት ወለል ባዶ ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱትና፣ “ይቅር በይኝ፣ አላወቅኩሽም” አሉ።