አባቴ የታመመ ሰሞን የነዳሁት ጋሪ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ከሊያ ጋር ቅመም ልንገዛ ፎርድስበርግ ሰፈር ሄደን፣ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ አሮጌ ፎቶ አየን። መኪና ከመምጣቱ በፊት ጆሃንስበርግ ውስጥ ሰው በኪራይ የሚሳፈርባቸው የፈረስ ጋሪዎች ተሰልፈው ቆመዋል። «ጎጎ፣ ታክሲ በፈረስ ነበር እንዴ?» አለችኝ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ያደገ ልጅ አያቱን በዙሉ ነው የሚጠራው። «ነበር፤ እኔ ራሴ ነድቻለሁ» ስላት ሳቀችብኝ። ትሳቅ!

ደብረ ዘይት ነው፣ ክረምት፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ባለጋሪው አባቴ ወባ ጥሎት ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳም። የጋሪ ተራ ደግሞ ሕግ አለው፤ ሦስት ቀን ያልተሰለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አባቴ ያን ቦታ ያገኘው ስንት ዓመት ደጅ ጠንቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ፈረሳችንን ዳማን ጠምጄ ወጣሁ።

ባለጋሪዎቹ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጡ «ኧረ ጉድ! ጋሪም የሴት ሆነ?» ብለው ተንጫጩ። ተራ አስከባሪው ጋሽ ግዛው ግን «ሰው ጭነሽ ሆስፒታል አድርሰሽ ከተመለስሽ ተራው ያባትሽ ነው፤ አለዚያ እንዳትቀየሚኝ» አሉ።

መጀመሪያ የመጡልኝ ሁለት ደልደል ያሉ እናቶች ከነድንች ጆንያቸው ነበሩ። እኔ ሞኟ ሁሉንም ከኋላ ጫንኳ! ባለሁለት ጎማ ጋሪ ኋላው ሲከብድ ምን እንደሚሆን ባለጋሪ ሁሉ ያውቃል። ጋሪው ወደ ኋላ ተጋደመ፣ የዳማም የፊት እግሮች አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ሳቁን አትጠይቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይብቃሽ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ» አሉ ጋሽ ግዛው።

«አልገባም!»

ጆንያውን ጎትቼ ከፊት፣ እግሬ ሥር አደረግኩት። አንደኛዋንም «እማማ፣ እርስዎ ከፊት፣ ከኔ ጋር» ብዬ አስቀመጥኳቸው። ጋሪው ቀጥ አለ። ዳገቱ ላይ ጭቃው ሲይዘን ወርጄ ልጓሙን እየሳብኩ በእግሬ ወጣሁት፤ ዳማን አንዴም አልገረፍኩትም። ሴቶቹን ሆስፒታሉ ጋ አውርጄ ስመለስ ጋሽ ግዛው ሰልፉ ውስጥ ቦታችንን አሳዩኝ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አባቴ ሲሰማ ተቆጣ። ትንሽ ቆየና ግን «ዳገቱንስ እንዴት ወጣሽው?» አለኝ። እስኪሻለው ሁለት ሳምንት እኔው ነዳሁ። ወደ ሥራው ሲመለስ ባለጋሪዎቹ ስሙን ትተው «የአበራሽ አባት!» ይሉት ጀመር። ይናደዳል ብዬ ስፈራ፣ እሱ እቴ፣ ደረቱን ነፍቶ «አቤት!» ይላቸው ነበር።

እዚህ አገር ብዙ ለፍቻለሁ፤ ቮስሎሩስ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍቼ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ሊያ ግን ለጓደኞቿ የምታወራው ጋሪውን ሆኗል፤ እኔም ተዪ አልላትም። አገሬ ላይ ሰው ሁሉ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የእኔ አባት ግን በእኔ ተጠርቷል።