ስምንት ቁጥር ንጹሕ ሆኖ የመጣበት ሰኞ

የአሁኖቹ ተጫዋቾች ልምምድ ሲጨርሱ ደጄ ላይ አረፍ ይላሉ። «እማማ የሺ፣ ማልያ ያጥቡ የነበረበትን ዘመን ይንገሩን እንጂ» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። እኔ ደግሞ ወሬ ስጀምር ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ብዬ ተነስቼ ጥሊሊ እገኛለሁ፤ እንግዲህ ታገሡኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምናገረውን የልጄ ልጅ ትጽፋለች። የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ስደርስ አሳምረሽ እንዳትጽፊው ብያታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። ክረምቱ ገና አልወጣም። የከተማችን ኳስ ቡድን መሪ፣ አቶ ፈንታሁን፣ ሁለት ጆንያ በባጃጅ ጭነው ደጄ ላይ ወረዱ።

«እማማ፣ የሰው ልብስ ያጥባሉ አሉኝ።»

«አጥባለሁ።»

«እንግዲያው ይህንንም ይዩልኝ።»

ጆንያውን ስፈታው ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። አሥራ ስምንት ማልያ፣ አሥራ ስምንት ቁምጣ፣ ካልሲውማ ተቆጥሮም አያልቅ። ነጭ ነው ተብሎ የተገዛው ማልያ ቀይ አፈር መስሏል። «እነዚህ ልጆች ኳስ ነው የሚጫወቱት ወይስ ቦይ ነው የሚቆፍሩት?» አልኳቸው። ሳቁ። «ለእሑድ ይደርሳል?» አሉ። «ፀሐይ ካለ» አልኩ። እንጅባራ ላይ በክረምት ፀሐይ ካለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ዕቃዬ ሁለት ትልልቅ ሳፋ፣ አንድ የእጅ ብሩሽ፣ ደረቅ ሳሙናና እንዶድ ነው። ጭቃውን መጀመሪያ ወንዝ ወርጄ በወራጅ ውሃ አስለቅቃለሁ፣ ከዚያ በእንዶድ እዘፈዝፋለሁ፣ ከዚያ አንገትጌውንና ብብቱን በብሩሽ እፈትጋለሁ። ቁጥሩ የተለጠፈበትን ጀርባ ብሩሽ አላስነካውም፤ ይላጣል። ማልያና ቁምጣ በየጆንያው ለየብቻ ስለሚመጣ ቀንም ለየሁላቸው። ማልያ ሰኞ፣ ቁምጣና ካልሲ ማክሰኞ።

ክረምት ክረምት ከምድጃው በላይ ገመድ ዘርግቼ ነው የማደርቀው። ታዲያ ማልያው ጢስ ጢስ ይላል። አንድ ጊዜ ጥሊሊ ሄደን ልጆቹ ከሚኒባስ ሲወርዱ የዚያ አገር ደጋፊ አፍንጫውን ይዞ «ቋንጣዎቹ መጡ!» ብሎ ጮኸብን። በረኛችን ዞር ብሎ «ቅመሱና እዩ!» አላቸው። ሦስት ለባዶ ቀመሱ።

ቁጥር ያወቅሁት ከማልያ ጀርባ ነው። አንድ በትር ነው። ሰባት ማጭድ። አሥር በትርና እንቁላል። ስምንት ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጠ ሁለት ዳቦ።

ያን ሰሞን አንድ ተከላካይ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ማልያው በደም ተነክሮ መጣ። እኔም ቶሎ ይለቃል ብዬ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ደም ሙቅ ውሃ ሲነካው ይበስላል እንጂ እንደማይለቅ አላውቅም ነበር። እድፉ ቡናማ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የማልያው ደረት ላይ ቀረ። አቶ ፈንታሁን ተቆጡኝ። እኔም በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ሰብስቤ ደንብ አወጣሁ። «ደም የነካው ማልያ እዚያው ሜዳው ላይ፣ ትኩሱን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይታጠብ ጆንያ ውስጥ እንዳይገባ። አለዚያ አልቀበልም፤ ባለቤቱ ከነደሙ ይለብሳታል!» በአማርኛም በአዊኛም ተናገርኩት፤ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። አንዱ ቀልደኛ «ዳኛው እንኳ እንዲህ አያስፈራም» አለና ተሳሳቁ።

ማዕረግ ካነሳን፣ ከላይ ቡድን መሪው፣ ቀጥሎ አሰልጣኙ፣ አምበሉ፣ ቋሚ ተሰላፊዎቹ፣ ተጠባባቂዎቹ፣ ከዚያ በታች እኔ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ግን ማዕረጌ ከፍ ይላል። እሑድ ጨዋታ ከነበረ ሰኞ ጠዋት ደጋፊው ወንዝ ይወርዳል። እኔ ማልያውን አንድ በአንድ ከጆንያ አወጣለሁ፣ እነሱ ሣሩ ላይ ቆመው ይከራከራሉ።

ይህን ያመጣው ሙሉጌታ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ የደጋፊው አስጨፋሪም እሱ ነው፣ ጥሩምባው ከእጁ አይለይም። «እማማ፣ እስኪ የአሥር ቁጥርን ያሳዩን» አለኝ አንድ ቀን። ዘረጋሁለት። «ደረቱ ጭቃ ነው፣ ክርኑ ጭቃ ነው። ይኼ ልጅ ወድቆ ተነስቷል» አልኩ። «ሰማችሁ!» ብሎ ሰዉ ላይ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እድፉ የበዛ ሮጧል፣ እድፉ የቀለለ ለግሟል። «ሜዳ ላይ ሦስት ዳኛ አለ፣ ጠርዝ ላይ አራተኛ ዳኛ አለ፣ አምስተኛዋ እማማ የሺ ናቸው» ይሉ ነበር። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያ ሁሉ ወንድ አፉን ዘግቶ እኔ ስናገር የሰማኝ እዚያ ወንዝ ዳር ነው።

ስምንት ቁጥር አላምረው ይባላል። ከከተማው ወጣ ያለችው የጥርባ ልጅ ነው፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ልምምድ በእግሩ ይመጣል፣ በእግሩ ይመለሳል። ከዚያ ሁሉ ተጫዋች ካልሲውን አቃንቶ ጆንያ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ብቻ ነበር። የሌላው ካልሲ ከነጭቃው ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ እጄን እያስገባሁ እፈታዋለሁ። «ይህን ማን አስተማረህ?» ብዬ በአዊኛ ስጠይቀው፣ «የእርስዎን ጣት አይቼ ነው» አለኝ። ወሬው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ አይናገርም።

በዚያ ዓመት ዳንግላዎች አላምረውን ሊወስዱት ነው የሚል ወሬ መጣ። የዳንግላ ቡድን ሰው ጥርባ ድረስ ሄዶ እናቱን አነጋገረ ተባለ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዞኑ ምርጥ ቡድን አሰባስቦ ባሕር ዳር ሊልክ ነው፤ ከእኛ አንድ ልጅ ይመረጣል፣ አላምረው ነው እየተባለ ነበር። ወንዝ ዳሩ ጦር ሜዳ ሆነ።

«የድሃ ልጅ ነው፣ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል?» ይላል አንዱ።

«እንጅባራ ያበላችውስ?»

«ምን አበላችው? ታኬታው እንኳ የሰው ነው።»

«ይሂድ!» ይላል ሙሉጌታ። «ግን ከእኛ ጋር እያለ ልቡን ዳንግላ አያሳድር። ማልያውን የለበሰ ለማልያው ይሙት።»

«አንተ መቼ ሞትክ? ጥሩምባህን ይዘህ አጥር ሥር ነህ።»

እኔ እያጠብኩ እስቃለሁ።

ከዳንግላ ጋር የተጫወቱ ዕለት ጉልበቴን አሞኝ ቀረሁ። ሌላ ጊዜ አብሬያቸው ጆንያው ላይ ተቀምጬ እሄድ ነበር። ዝናብ ነበር አሉ። አንድ ለባዶ ተሸንፈው መጡ። ሰኞ ጠዋት ወንዝ ዳር የወጣው ሰው ለጥምቀት ካልሆነ አይወጣም።

የሆነውን ከአፋቸው ሰማሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አላምረው ኳስ ይዞ ጎሉ ድረስ ገባ። በረኛው ወጣበት፣ አላምረው በግንባሩ ተደፋ። ዳኛው በእጁ ቀጥሉ አለ።

«ፍፁም ቅጣት ምት ነበር! ዳኛው ዓይን የለውም!»

«በረኛው መቼ ነካው? ራሱን ነው የጣለው፣ ለእነሱ ብሎ።»

«ከተነሳስ በኋላ? ፊቱን በእጁ ይዞ ቆመ። አንድ እርምጃ አልሮጠም።»

አንዱ በሞባይሉ ቀርጾት ነበር፤ አሳየኝ። ዝናብና የሰው ጃንጥላ ነው የሚታየው።

ሙሉጌታ ሌላም ጨመረ። «ሚኒባሱ ምን ያህል እንደጠበቀው ታውቃላችሁ? ሁላችን ተሳፍረናል፣ እሱ ከሜዳው ጀርባ ከዳንግላ ሰው ጋር ቆሞ ያወራል። በዓይኔ ነው ያየሁት። ሲመጣም ጃኬቱን እስከ አፍንጫው ስቦ ኋላ ገባና ዝም አለ። እንጅባራ ስንደርስ ለማንም ፊቱን ሳያሳይ ወደ ጥርባ ሄደ። ፈርሞ ነው!»

እኔ ማልያውን እያወጣሁ ነው። ሦስት ቁጥር፣ ጭቃ። አሥር ቁጥር፣ ጭቃ። ክርክሩ እየቀነሰ ሄደ። ስምንትን እየጠበቁ ነው።

አወጣሁት። ነጭ ነበር።

እርጥብ ነው፣ ጭቃ ግን የለውም። አንገትጌው እንኳ ነጭ ነው። ስንት ዘመን የሰው ልብስ ሳጥብ ተለብሶ አንገትጌው ነጭ የሆነ ልብስ አይቼ አላውቅም። እጄም አውቆታል፤ ላብ ያረጠበው ልብስ ያጣብቃል፣ ይኼ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው የረጠበው። ደግሞስ ልጁ ጭቃ ላይ ተደፋ እያሉ የተደፋ ሰው ማልያ እንዴት ነጭ ይሆናል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ነበር።

«እማማ፣ ይፍረዱ» አለ ሙሉጌታ።

«ይኼ ማልያ መሬት አልነካም» አልኩ።

ያልኩት ይኸው ነው። አራት ቃል ነው።

ማክሰኞ የቁምጣውን ጆንያ ፈታሁ። የስምንት ቁጥር ቁምጣ እስከ መታጠቂያው ጭቃ ነበር፣ ዳሌው ላይ ሣር ተጋግሮበታል። ካልሲው እንደ ወትሮው ተቃንቷል። ድንጋዩ ላይ ዘርግቼው ብዙ ቆየሁ። ከዚያ፣ መሬት ተቀምጦ ይሆናል አልኩና አጠብኩት። ማክሰኞ ወንዝ የሚወርድ ደጋፊ የለም። የአቶ ፈንታሁን ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ሄጄ መናገር እችል ነበር። አልሄድኩም። አምስተኛዋ ዳኛ ተሳሳተች መባል ከብዶኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዚያው ሳምንት ደጋፊው ተሰብስቦ አቶ ፈንታሁን ዘንድ ሄደ። ለዞኑ ምርጥ የሌላ ልጅ ስም ተላከ። ኋላ ስጠይቃቸው «እማማ፣ እርስዎም መስክረዋል አሉኝ እኮ» አሉኝ። ልምምድ ላይ አላምረው ኳስ በነካ ቁጥር «ዳንግላ! ዳንግላ!» ይሉት ጀመር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ደጄ መጣ። የልምምድ ማልያውን ይዟል፤ ታጥቦ ታጥፏል። ዓይኑ ሥር ጠቆር ብሏል፣ እንቅልፍ ያጣ መሰለኝ።

«ይህችን ለቡድን መሪው ይስጡልኝ» አለኝ በአዊኛ። «አጥቤያታለሁ።»

«ዳንግላ ልትሄድ ነው?»

«ኧረ እነሱ አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ ይህን ለምን አትነግራቸውም?»

«እርስዎ ከተናገሩ በኋላ እኔ ምን እላለሁ?» አለ።

እንደ ወቀሳ አላለውም። ታላቅ ሰው የተናገረውን የሚመልስ ልጅ አይደለም። ግባና እህል ቅመስ አልኩት፣ እናቴ ትጠብቀኛለች ብሎ ሄደ። ኋላ ለሥራ ወደ መተማ ወረደ ሲሉ ሰማሁ። ኳስ ተጫወተ ሲሉ ግን አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ ማልያውን ከነጆንያው ወንዝ ውስጥ እነክረው ጀመር። ደጋፊው ሰኞ ሲመጣ ሁሉም እኩል ረጥቦ፣ ጭቃው አንዱ ከሌላው ተቀላቅሎ ያገኘዋል። «እማማ፣ ዛሬስ?» ሲሉኝ «አይለይም» እላለሁ። እየሰለቻቸው ቀሩ። እኔም ጉልበቴ እስኪያቅተኝ አጥቤ ተውኩት።

ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትምህርት አንድ ነው። አጣቢ የምታውቀው ልብሱን ነው፤ ስለ ለባሹ ስትጠየቅ አላውቅም ትበል።

የሚቀጥለውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ዳንግላ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ከገበያ ስመለስ ጋሪው ኳስ ሜዳው አጠገብ አወረደኝ። ከሜዳው ጀርባ ቧንቧ አለ፤ ውሃ ልጠጣ ጠጋ አልኩ። የሜዳው ጠባቂ፣ ጋሽ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከእንጅባራ ነኝ፣ የኳስ ቡድኑን ማልያ አጥብ ነበር አልኳቸው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ!» አሉ እየሳቁ። «እርስዎን ብሎ እኮ ነው ያ ልጅ ሚኒባስ ሊያመልጠው የነበረው።»

«የቱ ልጅ?»

«ስምንት ቁጥሩ። በረኛችን አፍንጫውን በክርኑ መትቶት ደሙ እስከ ሆዱ ወርዷል፤ ዝናቡ ያጥበዋል፣ ደሙ ይመጣል። እዚህ ቧንቧ ሥር ማልያውን አውልቆ ያሻል። ተው ልጄ፣ መጀመሪያ ፊትህን እንይልህ፣ ሚኒባሱም ይሄድብሃል ብለው አልሰማ አለኝ። ‹እማማ ደም ያለበትን አይቀበሉም› አለኝ። ደሙን ካስለቀቀ በኋላ ጭቃውን፣ አንገትጌውን ሳይቀር አሽቶ ነጭ አድርጎት ሄደ። ጨዋ ልጅ ነበር። አሁን የት ደረሰ?»

አላውቅም አልኳቸው።

ሙሉጌታ በዓይኑ ያየው፣ ከሜዳው ጀርባ ከአላምረው ጋር ቆሞ ያወራ የዳንግላ ሰው እሳቸው ነበሩ።