ስሙ የተፋቀው ሸክላ

ሰፈሩ «ሸክላው» ይለዋል። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ሕመሙ ግን የድሮ ሸክላ፣ ያውም በስልሳዎቹ የታተመ፣ ሶል የሚሉት ከአንጀት የሚዘፈን ዘፈን ያለበት። ሰው ቤት ገብቶ እጁ ሞተር ቢፈታም ዓይኑ ቁምሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ያረጀ ሻንጣ ላይ ይንከራተታል። አንዳንዱ ሌባ መስሎት አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አንድ ቀን የፍሪጅ ላስቲክ የቀየረላት ሴትዮ፣ ቤቱን ስትገዛ ቆጥ ላይ ያገኘችውን ካርቶን «ውሰድልኝ፣ ቦታ ነው የሚያጣብበኝ» ብላ ሰጠችው። ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ሸክላዎች አንዲት ትንሽ ቀልቡን ወሰደችው። በአንድ ፊቷ የአንድ ክር ፋብሪካ የሙዚቃ ቡድን ያለ ዘፋኝ ይጫወታል። በሌላው ፊት ሁለት ሴቶች ይዘፍናሉ፤ አንዷ ትመራለች፣ ሌላዋ ከኋላ ትቀበላታለች። የምትመራዋ መጀመሪያ ትለምናለች፣ ቀጥላ ትቆጣለች፣ መጨረሻ ላይ ድምጿ ይሰበራል። የዘፋኟ ስም የነበረበት ቦታ ግን ተፍቋል። በእርጅና የጠፋ አልነበረም፤ ሰው ሆን ብሎ በሚስማር የቧጨረው ነው።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው ቁጭ ብድግ ሆነ። ለሌሎች ሰብሳቢዎች ጻፈ፤ ሁሉም «አይተናትም አናውቅ» አሉት። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አሮጌ ጋዜጣ ሲያገላብጥ፣ በር ሊዘጋ ነው ተብሎ ስንቴ ተባረረ። ደንበኛ ሞተሩን አስፈትቶ እየጠበቀው፣ አንድ ነገር ትዝ ይለውና ደብተሩን ፍለጋ ወደ ቤት ይሮጣል። መምህርት ሚስቱ የተማሪ ፈተና እያረመች ታየዋለች።

«ሰው የጠፋ ዘመዱን እንኳ እንዲህ አይፈልግም» አለችው አንድ ከሰዓት።

«ዘመድማ ስም አለው። ይቺ ስሟም የለ።»

«ስሟን ብታገኘው ታርፋለህ?»

ደብተሩን ይዞ ወጣ።

በስምንተኛው ወር ጡረታ የወጡ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ አገኘ። ሽማግሌው አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ደህናውን ወደ ማጫወቻው ጠጋ አድርገው ጥቂት አዳመጡ። «እነዚህማ የክር ፋብሪካው እህትማማቾች ናቸው» አሉ። «ታናሺቱ ፋብሪካው በር ካለው አውቶቡስ ማቆሚያ ጎን የልብስ ቁልፍና ዚፕ ትሸጥ ነበር። በሕይወት ካለች እዚያው ትሆናለች።» የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ወጣ።

ሱቋ ከቁምሳጥን አትሰፋም። ሰባን የተሻገሩ ሴት ቁልፎችን በቀለም በቀለም ይለያሉ።

«እማማ፣ ድሮ ዘፍነው ያውቃሉ?»

«ማን ላከህ?»

ሸክላዋን ከተጠቀለለችበት ጋዜጣ ገልጦ ሰጣቸው። አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን በጭረቱ ላይ አሳለፉ።

«ይሄን የፋቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የመራሁት እኔ፤ የተጻፈው የእህቴ ስም ብቻ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ደሜ ፈላ፤ ፍቄ ያኔ የምኖርበት ቤት ቆጥ ላይ ወረወርኩት። እሷ ሸክላው ከመውጣቱ በፊት ሹፌር አግብታ ሌላ ከተማ ገብታ ነበር። ምነው ብዬ አልጠየቅኋት፣ ደብዳቤዋንም አልመለስኩ።»

ብዕሩን አወጣ፤ ስማቸውን ሊጽፍ እጁ ተቁነጠነጠ።

«ቆይ፣ ምን ያንቀዠቅዥሃል?» አሉት። «አንዴ ስሟን ፍቄያለሁ። በሕይወት ሳለች ደግሜ አልፍቅም። ሂድና መጀመሪያ እሷን ጠይቃት፤ ልጇ ቤት እንዳለች ሰምቻለሁ፣ ከተማውን እነግርሃለሁ።»

ቅዳሜ የግማሽ ቀን መንገድ በአውቶቡስ ሄደ። ሚስቱም አብራው ተሳፈረች፤ «ብቻህን ብለቅህ መንገድ ላይ የሰው ካርቶን ስታገላብጥ ትቀራለህ» ብላ። መንገዱን ሙሉ ሸክላዋን ከደረቱ ወደ ጭኑ፣ ከጭኑ ወደ ደረቱ እያዛወረ አስቸገራት።

ታላቂቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ልጃቸው ቤት መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ይዞት በመጣው ትንሽ ማጫወቻ አሰማቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው የተቀባይዋን ድምፅ እየተከተለ ተንቀሳቀሰ። ሲያልቅ «ታናሼ ናት» አሉ። «እንዲህ የሚያለቅስ ድምፅ ያላት እሷ ብቻ ነበረች።»

ሸክላው ላይ የእርሳቸው ስም ብቻ ተጽፎ እንደነበርና ታናሺቱ እንደፋቁት ነገራቸው።

«የእኔን ስም?» ዓይናቸው ፈጠጠ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሸክላ መውጣቱንም አላወቅሁ። የቡድኑ መሪ ላግባሽ ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ስሜን ሸክላ ላይ ሳይ የምመለስለት መስሎት ይሆናል።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ደብዳቤ ብልክ መልስ የለ። ምን በድያት ይሆን እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ።»

ለታናሺቱ የደወለችው ሚስቱ ናት። እሱ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ወዲያ ወዲህ ሲል የታላቂቱ ድምፅ ብቻ ይሰማዋል። «አላየሁትም… በእናታችን አላየሁትም።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሁለተኛው ግጥም ላይ ግን ቀድመሽኝ ገብተሻል።» ሚስቱ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችበት።

በሳምንቱ ታናሺቱ ሱቃቸውን ዘግተው እህታቸው ዘንድ ሄዱ። ሦስት ሳምንት ከርመው ተመለሱና «ታንኮራፋለች፤ ድሮም እንዲሁ ነበረች» አሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። እሱም ለሰብሳቢዎች መጽሔት አንድ ገጽ ተኩል ጻፈ። የሁለቱም ስም ወጣ፤ በታላቂቱ ትእዛዝ የታናሺቱ ቀደመ። ሸክላዋን ሊሰጣቸው ሲል ታናሺቱ «ማጫወቻ የለኝ፤ አንተው ያዛት» አሉት።

መጽሔቱ የታተመ ዕለት እፎይ እላለሁ ብሎ ነበር። ጽሑፉን ሁለቴ አነበበው፤ ሦስተኛውን ሲጀምር ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። የሥራ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቁልፍ ሱቋ በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ከበሮ የሚመታው ማን ነበር?»

«እሱን ተወው፣ ሰው አልነበረም።»

«ስሙን ብቻ።»

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱና ከጠረጴዛው ሥር በርጩማ ሳቡለት። «መጀመሪያ ቁጭ በል» አሉት። እሱ ግን ቆሞ እየጻፈ ነበር።